ያነሳኋት አንዲት መስመር

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ነሽ እታለም? ጤናሽ እንዴት ነው? ራስ ምታቱስ ትንሽ ተወት አደረገሽ? እማዬ እንዴት ናት፣ ጉልበቷ ደረጃ ያስወጣት ጀመር? የባልሽ ሳል ለቀቀው? ከሁሉ በላይ ግን ዓይንሽ እንዴት ነው? ባለፈው «በግራው የማየው ጥላ ብቻ ነው» ያልሽኝ እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም። እኔ በአካል ደህና ነኝ። በአካል ያልኩትም አውቄ ነው።

ይህን ደብዳቤ ልጅሽ እንደምታነብልሽ አውቃለሁ። አንቺ አንባቢ፣ በሞቴ፣ የረዘመውን እየዘለልሽ እንዳታልፊ። ባለፈው ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፌ እናትሽ ጆሮ የደረሰው «ደህና ነኝ ብሏል» ብቻ መሆኑን ሰምቻለሁ። እናትሽ ራሷ «በቃ ተይው» ብትልሽ እንኳ አትስሚያት። ዛሬ የጻፍኩት ሁሉ ይድረሳት፣ የሚከፋውም ጭምር።

በስልክ ያልነገርኩሽ ገና ሳልጨርስ «አይዞህ» እንደምትይኝ ስለማውቅ ነው። አይዞህ ከመባሌ በፊት ያደረግሁትን ሁሉ ስሚ። ነገሩ የመምጫ ወረቀትሽን ይነካል። ሐኪሙ ቀዶ ጥገናው ከስድስት ወር አይለፍ እንዳለሽ፣ እኔ ጋ መጥተሽ እንድትታከሚ ደግሞ መሥሪያ ቤቴ የሚጽፈው ደብዳቤ ግድ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ያ ደብዳቤ ከዛሬ ጀምሮ አይሠራም። እንዲህ እንዲሆን ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ሁልጊዜ «ቆይ ግን አንተ እዚያ ምንድን ነው የምትሠራው?» ትይኛለሽ፣ እኔም «የኮምፒውተር ነገር» እያልኩ አድበስብሼ አልፋለሁ። ዛሬ ሳይገባሽ አልለቅሽም። ለነገሩ ከማንም በላይ የሚገባሽ አንቺ ነሽ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ካርድ ክፍል ሠርተሻል። እስቲ ካርድ ክፍልሽን አስቢው። ካርዶቹ መደርደሪያ ላይ ናቸው። የትኛው ካርድ በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ የሚናገር ደግሞ ማውጫ መዝገብ አለ። ማውጫው ከተሳሳተ ካርዱ ቢኖርም እንደሌለ ነው። ኮምፒውተርም ያው ነው፤ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ ካርዶችና የራሱ ማውጫ አለው።

በእኛ ሙያ ደግሞ ፕሮግራም ይወልዳል። አትሳቂ፣ እኛም የምንጠራቸው እናትና ልጅ እያልን ነው። የክሊኒኮችን ካርድ የሚይዘው ፕሮግራማችን በየሰዓቱ ራሱን የሚመስል ልጅ ይወልዳል። ልጁ በዚያች ደቂቃ ያለውን ሁሉ ለመጠባበቂያ ጽፎ ያስቀምጥና ይሞታል፤ እናትየዋ ሥራዋን ትቀጥላለች። ልጁ ሲወለድ ካርዶቹ አይገለበጡለትም። እናትና ልጅ በጋራ ያዩዋቸዋል፤ ካርድ ላይ መጻፍ የፈለገ ያንን አንዱን ብቻ ገልብጦ ይጽፍበታል። ይሄ የቀደሙት ሰዎች ብልሃት ነው፣ የእኔ አይደለም። ችግሩ ማውጫው ነበር። ማውጫው ቅጠል በቅጠል ለልጁ ይገለበጥለታል። ክሊኒኩ ትልቅ ከሆነ ማውጫው ወፍራም ነው፤ ተገልብጦ እስኪያልቅ እናትየዋ ቀጥ ብላ ትቆማለች። መስኮት ላይ ያለችው መዝጋቢ ስክሪኗ ይደርቅባታል፣ ሰልፈኛው ያጉረመርማል፣ ስድቡን የምትጠጣው እሷ ናት። ያን ስድብ አንቺም ታውቂዋለሽ።

ይህን መድረቅ አጥፋልን ተባልኩ። ሁለት ወር ተጨነቅሁበት። በመጨረሻ ነገሩ ቀላል ሆኖ ታየኝ። ካርዱን በጋራ ካዩ ማውጫውንስ ለምን በጋራ አያዩም? ልጁ ሲወለድ ምንም አይገለበጥለት፣ የእናቱን ቅጠል ይጠቀም። አንዳቸው አንድ ቅጠል ላይ ሊለውጡ ሲነሱ ያኔ ያቺ ቅጠል ብቻ ትገልበጥ። በየቅጠሉ ጥግ ደግሞ ስንት ሆነው እንደያዙት ቁጥር ይጻፍ፤ አንዱ ሲሄድ አንድ ይቀነስ፣ ቅጠሏ የምትጠቁመው መደርደሪያ ለሌላ የሚለቀቀው ቁጥሩ ዜሮ ሲሆን ብቻ ይሁን። ሠራ እኮ እታለም! ሰው የሚያስመርረው ቆይታ ዓይን እስኪርገበገብ ሆነ። አለቃዬ ፍጥነቱን የሚያሳየውን ሥዕል ግድግዳ ላይ ለጠፈው። እኔም ደረቴን ነፍቼ ሰነበትኩ። ደውዬ ዕድገት አገኘሁ ያልኩሽ፣ አንቺም እልል ያልሽው ያኔ ነው።

አጠገቤ የሚቀመጥ አንድ አዛውንት ፕሮግራመር አለ። ምንም ነገር ብታሳዪው መጀመሪያ «ቀስ በል» ስለሚል እኛም ጋሽ ቀስ-በል ብለን ሰይመነዋል። ሥራዬን አገላብጦ አየና አንድ ነገር ጠየቀኝ። ልጁ ቅጠሏን እየገለበጠ ሳለ መሃል ላይ በግድ ቢገደልስ፣ ቁጥሩን ማን ያስተካክላል? አለኝ። ማሽኑ ቦታ ሲጠበው እንዲህ አንዱን ፕሮግራም አንቆ የሚገድልበት ጊዜ አለ። ለዚያ የምትሆን አንዲት መስመር ጽፌ ነበር፤ መደርደሪያው ከመለቀቁ በፊት ቁጥሩን መልሳ የምታይ። ግን እሷ ስትኖር ፍጥነቱ ቀንሶ ሥዕሌ ትንሽ ይጎብጥብኛል። አነሳኋት። ለጋሽ ቀስ-በል እንዲህ ያለው ነገር በሺህ ዓመት አንዴ ቢያጋጥም ነው አልኩት። እሱም ሺህ ዓመቱ መቼ እንደሚጀምር ታውቃለህ ወይ ብሎኝ መነጽሩን ጠረገና ወደ ሥራው ተመለሰ። እማዬ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ስትል ስንቴ ሰምቻት ነበር! ደግሞ እኮ ማንንም ልጠቅም አይደለም፣ ለማማር ነው።

ሺህ ዓመቱ በአራተኛው ሳምንት ጀመረ። አንድ ክሊኒክ ውስጥ ልጁ ቅጠል እየገለበጠ ሳለ ተገደለ። እናትየዋ ገና የምትሠራባቸው መደርደሪያዎች ባለቤት የላቸውም ተብለው ለሌላ ተሰጡ። የእሷ ማውጫ ግን አሁንም ወደዚያው ይጠቁማል። ስለዚህ የአንድ ጡረተኛ አናጢ ካርድ ሲጠየቅ የሌላ በሽተኛ መድኃኒት ወጣ። መዝጋቢዋ ወረቀቱን አትማ፣ ፈርማ ሰጠችው። ሰውየው መድኃኒቱን ሁለት ቀን ውጦ በሦስተኛው ቀን ከቤቱ ደረጃ ላይ ወደቀ። ነፍሱ ተርፋለች፤ ዳሌው ግን ተሰብሮ እስከ ዛሬ ተኝቷል።

መርማሪዎች መጥተው ሲያዩ ማሽኑ ጠፍቶ እንደገና ተነስቶ ማውጫውም ታድሶ ስለነበር ካርዱ ትክክለኛውን መድኃኒት ያሳያል። እንግዲያው ያሳሳተችው መዝጋቢዋ ናት ተባለና ከሥራ ታገደች። ያተምኩት ስክሪኑ ላይ ያየሁትን ነው ብላ ማለች፣ ማን ሰምቷት። ክሊኒኩ ለእኛ ጽፎ ጠየቀ። መልሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ እታለም። ሥርዓቱ ተፈትሿል፣ እንከን የለበትም፣ ስህተቱ የሠራተኛዋ ነው ብዬ ስሜን ፈረምኩበት። ዋሽቼ አልነበረም፣ አምኜበት ነው። ሳላጣራ ግን ማልኩ።

ከሦስት ቀን በኋላ ሳላጣራ መማሌ ቆረቆረኝና ማሽኑ የመዘገበውን አውጥቼ አነበብኩ። ወረቀቱ ከመታተሙ ሦስት ደቂቃ በፊት አንድ ልጅ ተገድሏል ይላል። ያንኑ ነገር በራሴ ማሽን ላይ ደጋግሜ ሞከርኩት። አርባ ጊዜ ምንም አልሆነም። በአርባ አንደኛው የአንዱ ካርድ በሌላው ስም ወጣ። ቀኑ ዓርብ ነበር፣ ቀጥታ ወደ አለቃዬ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያሉትን አበቦች ውሃ እያጠጣ ሰማኝ። ሲጨርስ መስመሯን መልስ፣ ከሚቀጥለው ማሻሻያ ጋር አብራ ትሂድ፣ የክሊኒኩ ጉዳይ የክሊኒኩ ነው አለኝ። ከዚያ ልስልስ ባለ ድምፅ የእህትህን ደብዳቤ ሰኞ እፈርምልሃለሁ ሲል ጨመረልኝ። አላስፈራራኝም። ቢያስፈራራኝ ይሻለኝ ነበር።

ዝም አልኩ። መስመሯን መለስኩ፣ ሰኞ ፈረመልኝ፣ ወረቀትሽንም አስገባሁ። ሁለቴ ደውዬልሽ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ሥራ ሰላም ነው አልኩሽ። ራሴን የማባብልበት ምክንያት አላጣሁም፤ ምክንያቴ አንቺ ነበርሽ። ያቺን ሴትዮ አላውቃትም፣ አንቺ ግን በጀርባሽ አዝለሽ ያሳደግሽኝ ነሽ። የትኛውን ላስቀድም? እያልኩ ለራሴው ፈረድኩ።

ባለፈው ማክሰኞ ጉንፋን ይዞኛል ብዬ ወደዚያ ክሊኒክ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አሁንም አላውቀውም። መስኮቱ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ወንበሩ መደገፊያ ላይ ግን የሴት ሹራብ ተንጠልጥሏል፣ እጅጌው ክርኑ ላይ ተጥፏል። ሹራብ ክርኑ ላይ የሚያልቀው ጠረጴዛ ላይ ዓመታት ሲደገፉበት እንደሆነ ካንቺ ነው ያወቅሁት። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ጉዳይዋ ሐሙስ ጠዋት እንደሚታይ ተለጥፏል። ሰልፉን ትቼ ወጣሁ።

ሐሙስ ዛሬ ነው። ማንም ሳይጠራኝ ገባሁ። አምስት ሰዎች ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል፣ እሷ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ጥግ ላይ ናት። አጭር ሴት ናት፣ ፀጉሯ ገብስማ። ማን እንደሆንኩ ተናገርኩ፣ የሞከርኩበትን ወረቀት ዘረጋሁ፣ ከዚያ ለአንቺ እንዳስረዳሁሽ በመደርደሪያና በማውጫ አድርጌ አስረዳኋቸው። ሰብሳቢው እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ሦስቴ ጠየቀኝ። ሦስቴም ነኝ አልኩ። ያን እንከን የለበትም የሚለውን ደብዳቤ የፈረምኩት እኔ እንደሆንኩም ሳልጠየቅ ተናገርኩ። ወጥተው ተማክረው ሲመለሱ እገዳዋ ተነስቷል አሏት።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ታመሰግነኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አላመሰገነችኝም። ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው ብላ ጠየቀችኝ። አሥራ ሦስት ቀኔ ነው አልኳት። እኔ እኮ ባለፈው ሳምንት የተሳሳትኩት እኔው ሳልሆን አልቀርም ብዬ ማመን ጀምሬ ነበር አለችኝ። ያን ቀን ምን እንዳየሁ፣ ጣቴ የት እንደነበር ሳስብ አእምሮዬ ሊናጋ ነበር አለች። ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ገና ደረጃውን ሳልወርድ አለቃዬ ከክሊኒኩ ሰምቶ ደወለ። መታወቂያዬን ለጥበቃው አስረክቤ እንድሄድ አዘዘኝ፤ የእህትህን ጉዳይ ለሚያየው ቢሮም ከእንግዲህ ሠራተኛችን አይደለም ብለን ጽፈናል አለኝ። መሥሪያ ቤት ስደርስ ዕቃዬን በር ድረስ ያወረደልኝ ጋሽ ቀስ-በል ነው፤ ኩባያዬን በጋዜጣ ጠቅልሎ። ነግሬህ ነበር ይለኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ፈጠን በል አውቶቡሱ ያመልጥሃል ብሎ ጀርባዬን መታ አደረገኝ። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

እታለሜ፣ የአንቺ መምጣት ቀረ። ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ፣ ግን በስድስት ወር ይደርሳል ብዬ ልዋሽሽ አልፈልግም። ዓይኑ ያንቺ ነው፣ የወሰንኩት ግን እኔ ነኝ፣ ያውም ሳላማክርሽ። ቀድሜ ብጠይቅሽ ምን ትይኝ እንደነበር አውቃለሁ ብዬ ነው ያልጠየቅሁሽ፤ ይህንንም ሳስበው መፍራቴ መሰለኝ። ለእውነት ብለህ ነው ብለሽ አታሞግሺኝ። ሰውየው ከወደቀ፣ ሴትዮዋም ራሷን ከተጠራጠረች በኋላ ነው የተናገርኩት፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ያቺን አንዲት መስመር ባላነሳት ኖሮ ሰውየውም እሷም አንቺም ደህና ነበራችሁ። ብትቆጪኝ ተቆጪኝ፣ ብትረግሚኝም እችለዋለሁ። ብቻ ዝም አትበይኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ሥራ መልቀቄን ንገሪያት፣ የቀረውን ቀስ ብለሽ። ለባልሽ ሰላምታዬ ይድረሰው፣ በርትቶ ይያዝሽ፣ ማታ ማታ ብቻሽን ደረጃ አያስወጣሽ። አጎታችንን እንዴት ነህ በይልኝ፤ ወሬውን ለሰፈር እንዳያደርስብኝ አደራ። ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋም ሰላም በይልኝ፣ ሱሪዬ እስካሁን አልተተረተረም።

አንቺ አንባቢያችን፣ ካልዘለልሽ እዚህ ደርሰሻል ማለት ነው። ጎበዝ። አሁን ወረቀቱን አስቀምጪውና የእናትሽን ፊት እይልኝ። እሷ በምታጽፍሽ መልስ ላይ የምትነግረኝን አላምንም፣ ስለዚህ ከሥሩ አንድ መስመር በራስሽ እጅ ጨምሪልኝ። ስትሰማ ምን እንደመሰለች ሳትደብቂ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ

ከክፍሌ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር 18 ቀን