የሲሳይ ድርሻ፦ የወይዘሮ ወርቅውሃ ዱባለ የሕይወት ታሪክ (1899–1965 ዓ.ም.)

ወይዘሮ ወርቅውሃ ዱባለ ከአባታቸው ከአቶ ዱባለ ደበሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘርፈሽዋል ተሰማ በ1899 ዓ.ም. ከቆሼ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር ተወለዱ። ዕለቱን በትክክል የሚያውቅ የለም። እናታቸው «በርበሬው መቅላት ሲጀምር ነው» ይሉ ስለነበር ቤተሰቡ ልደታቸውን በጥቅምት ይቆጥረዋል።

ትምህርትን በተመለከተ፣ በዚያ ዘመን በአካባቢው ለሴት ልጅ የሚሆን ትምህርት ቤት አልነበረም፤ ቢኖርም አቶ ዱባለ ልጃቸውን ከበርበሬው ማሳ ይለቁ ነበር ለማለት አያስደፍርም። የቤቱ የንስሐ አባት ግን አቡነ ዘበሰማያትን በግእዝ በቃላቸው አስጠንተዋቸዋል። ያጠኑት ድምፁን እንጂ ትርጉሙን አልነበረም። አፋቸውን የፈቱት በጉራጊኛ ነው። አማርኛን ኋላ በገበያ ለመዱት፤ የገበያ አማርኛ ደግሞ ለክርክር እንጂ ለጸሎት ብዙም አይረዳም።

በ1915 ዓ.ም. ከበርበሬ ነጋዴው ከአቶ ተረፈ ወልደአማኑኤል ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው፣ በ1923 ዓ.ም. ኑሯቸውን ወደ ቡታጅራ አዛወሩ። በንግዱ ከባለቤታቸው አላነሱም፤ እንዲያውም የሚያውቋቸው ይበልጡ ነበር ይላሉ። አንዷን በርበሬ ሰብረው አሽትተው «ይሄ የማረቆ አይደለም» ካሉ ይግባኝ የለም። የጸሎታቸውን ነገር ግን ያኔ እንዲህ ነበር ብሎ ማሳመር አይገባም። ጠዋት እጃቸውን ሲታጠቡ ይጀምራሉ፣ ውሃውን ከእጃቸው ሲያራግፉ አሜን ይላሉ። አፋቸው ከሰማይ፣ ልባቸው ከሚዛኑ ነበር። ይህን ያጫወቱን ራሳቸው ናቸው፣ እየሳቁ።

ሦስት ልጆች ወልደው አንዱ በሕፃንነቱ አረፈ። በ1919 ዓ.ም. ወይዘሮ ብርሃኔ፣ በ1926 ዓ.ም. ሲሳይ ተወለዱ። የወንዱን ስም ያወጡለት ከሰሜን መጥተው በከተማው ይኖሩ የነበሩ የክርስትና አባቱ ናቸው። ቤቱም ስሙን ተቀበለ፤ ምን ማለት ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ስም ስም ነው።

በ1944 ዓ.ም. በጥር ወር፣ ሲሳይ በግቢው ተሰጥቶ የሚደርቀውን በርበሬ እንዲጠብቅ ተተወ። ከዋናው መንገድ ላይ አንድ የጭነት መኪና ተበላሽቶ ቆሞ ነበርና ሾፌሩና ረዳቱ ሲጠግኑት ለማየት ሄደ። ያልታሰበ ዝናብ መጣ። የዓመት ልፋት ጭቃ ላይ ጠቁሮ ቀረ። አቶ ተረፈ ቁጡ ሰው አልነበሩም፤ የዚያን ቀን ግን ጎረቤት በተሰበሰበበት «ከዛሬ ጀምሮ በእኔ ቤት እህል አትቀምስም!» አሉት። የንዴት ቃል ነው፤ የማይለው አባት የለም። ልጁ ግን እንደ ንዴት አልወሰደውም። መኪናው ተጠግኖ ሲነሳ አብሮ ሄደ።

ወልቂጤ ታየ የሚል ወሬ በደረሰ ጊዜ የወይዘሮ ወርቅውሃ ወንድም አቶ ደበሌ ሊፈልጉት ተነሱ። ያኔ ከቡታጅራ ወልቂጤ በቀጥታ የሚያደርስ የመኪና መንገድ ስላልነበረ በበቅሎ፣ በአረቅጥ በኩል ደጋውን አቋርጠው ደረሱ። ልጁ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ወደ ጅማ ወርዷል አሏቸው። ከዚያ ወዲህ እስከ ዛሬ የተሰማ ነገር የለም።

ወይዘሮ ወርቅውሃ ማልደው ለጸሎት መቆም የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። ያስጀመሯቸውም በአጥር የሚዋሰኗቸው የአቶ ሙሀመድአወል ባለቤት ወይዘሮ ሃሊማ ናቸው። ሃሊማ ለንጋቱ ሶላት ሲነሱ የአጥሩን እንጨት ያንኳኳሉ፤ «ወርቂ፣ ተነሺ፤ እኔም የኔን፣ አንቺም ያንቺን» ይላሉ። እናታችን ወደ ምሥራቅ ዞረው አቡነ ዘበሰማያትን ይጀምራሉ። አንድ ቀን ታዲያ ሺህ ጊዜ ያለፏት ቃል ያዘቻቸው፦ «ሲሳየነ»። ሲሳያችንን! ከእሷ አለፍ ብላ የምትመጣው «ሀበነ» ለጉራጌ ጆሮ ባዳ አይደለችም፤ በቋንቋችን ስጠን ከምንልበት ቃል ጋር ትዛመዳለች። ሲሳያችንን ስጠን። ጌታ ልጃቸውን አስቀድሞ አውቆ ስሙን ከጸሎቱ መካከል እንዳኖረላቸው አመኑ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለዓመታት፣ በየማለዳው፣ ከዚያች ቃል ላይ ሲደርሱ ያለቅሱ ነበር። ለባለቤታቸው ምግብ ያቀርባሉ፣ አብረዋቸው ግን አይቆርሱም። «ካለ» የምትለዋን ቃልም ከቤታቸው ከለከሉ። ሲሳይ ካለ ብሎ የጀመረ ሰው ሳይጨርስ ይወጣ ነበር።

በ1953 ዓ.ም. መሪጌታ አስረስ ከጎጃም መጥተው ለደብሩ አገልግሎት ተመደቡ። በእናታችን ቤት የጽዋ ማኅበር ተራ በወጣ ዕለት ጸሎቱን መሩ፤ እናታችንም እንደ ልማዳቸው ከቃሏ ላይ ሲደርሱ አነቡ። መሪጌታ ምክንያቱን ጠየቁ፤ እሳቸውም ሳይደብቁ ነገሯቸው። መሪጌታ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እመት ወርቅውሃ፣ ሲሳይ ማለት የዕለት ምግብ ማለት ነው» አሏቸው። ሴቶቹ ሳቁ። ክፋት አልነበረበትም፤ የሳቁት ዛሬ እዚህ ቆመው የሚያለቅሱት ናቸው። እናታችንም አብረው ሳቁ፤ እንግዶቻቸውን እስከ በር ሸኙ።

በማግስቱ ሃሊማ አጥሩን አንኳኩ፤ መልስ የለም። በሳልስቱም እንዲሁ። «እንጀራ ማን ለመነው?» አሉ እናታችን ለብርሃኔ። «እንጀራ ሞልቶኛል። ልጄን ስለምን የኖርኩ መስሎኝ እንጀራ ስለምን ኖርኩ?» ቤተ ክርስቲያን መሳለም አልተዉም፤ ሰው እንዳያወራ። ጸሎት ግን ተዉ። ክረምቱ ገብቶ እስኪወጣ ተዉ። ቤተሰቡ እንደዚያ ጊዜ ፈርቶላቸው አያውቅም፤ ልጁ ሲጠፋ ያልተሰበሩ ሴት ቃሉ ሲጠፋባቸው ተሰበሩ።

በመጨረሻ ሃሊማ በአጥሩ መነጋገሩን ትተው በበሩ መጡ። «ወርቂ፣ ጌታሽን አኮረፍሽው አይደል? ወላሂ፣ አልፈርድብሽም። ግን ዝም ከምትዪው ውጪና ተጣዪው። ዝምታ ነው ቤት የሚያፈርሰው» አሏቸው። በነጋው እናታችን ወጥተው ከግቢያቸው ቆሙ። «አኩርፌያለሁ» አሉና ገቡ። ኋላ ሲያስቡት፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የጸለዩት ያን ዕለት እንደሆነ ይናገሩ ነበር።

ከዚያም ወደ መሪጌታ አስረስ ሄዱ። «ከነገሩኝ አይቀር ሁሉንም ይንገሩኝ፤ የሌላም ሰው ስም ስጠራ ኖሬ እንዳይሆን» አሏቸው። መሪጌታ ከኪዳን በኋላ በደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር ቃል በቃል ያስረዷቸው ጀመር። ትምህርቱ የሳምንት መስሏቸው ነበር፤ ዓመታት ፈጀ፤ ምክንያቱም ተማሪዋ አንዷን ቃል ሳይሠሩባት ወደ ሌላዋ አይሻገሩም። ስሙ ይቀደስ ማለት ምን እንደሆነ በተረዱበት ሳምንት በገበያ በእግዜር ስም መማል ተዉ። በርበሬ ነጋዴ ሳይምል እንዴት እንደሚሸጥ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ደንበኛ ሸሸ፣ ቆይቶም ተመለሰ። ፈቃድህ ይሁን የሚለው ላይ ግን ብዙ ከረሙ። «ይቺን በግድ ነው የምላት» ብለው ለመሪጌታ ነገሯቸው፤ መሪጌታም በግድም ቢሆን ይበሏት አሏቸው። ሲሳየነ የምትለዋን ዘለሏት። «እሷን ኋላ» አሉ።

የበደሉንን ይቅር እንደምንል የሚለው ላይ የደረሱት በ1955 ዓ.ም. በትንሣኤ ሰሞን ነው። ትርጉሙን ሰምተው ወደ ቤት ገቡ። አቶ ተረፈ ምሳ ቀርቦላቸው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ወርቅውሃ እጃቸውን ታጥበው ከገበታው ቀረቡ፣ ክትፎውን በቆጮ ጠቅልለው ባለቤታቸውን አጎረሱ። ልጁ ከሄደ ጀምሮ ያልሆነ ነገር ነው። አቶ ተረፈ ጉርሻውን ተቀብለው፣ «እኔ ልጅሽን እህል ከልክዬ አንቺ ታጎርሺኛለሽ?» አሉ። እናታችን ሁለተኛውን ጠቀለሉ። በዓመቱ አቶ ተረፈ ታመው ሲያርፉ የተናዘዙት ስለ ቤትና ስለ ንብረት አልነበረም። «ልጁ ሲመጣ አብሉት» አሉ። ቢመጣ አላሉም፣ ሲመጣ አሉ።

ከሐዘኑ በኋላ ወይዘሮ ወርቅውሃ ወደ ዘለሏት ቃል ተመለሱ። መሪጌታን፣ «ሲሳየነ የሚለው የእኔን ነው የእኛን?» ብለው ጠየቁ።

«የእኛን ነው።»

«እኛ ስንል ማን ማን አለበት?»

«የሚርበው ሁሉ አለበት፣ እመት ወርቅውሃ።»

«እንግዲያማ ልጄም አለበት» አሉ እናታችን፤ አለቀሱም። «ያን ሁሉ ዘመን በከንቱ አልጮህኩም።»

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እስከ ሕመማቸው ድረስ የእናታችን ማለዳ እንዲህ ነበር። ሃሊማ ያንኳኳሉ፤ እናታችን ይቆማሉ። ጸሎታቸው ረጅም አልነበረም፣ ከዚያች ቃል ላይ ብቻ ይዘገያሉ። ከዚያ በኮባ የጋገሩትን ዳቦ ቆርሰው በመሶብ ይዘው ወደ መኪና መቆሚያው ይወርዳሉ። የሚሰጡት ለረዳቶቹ ነው፤ በጭነት ላይ አድረው አቧራ ለብሰው ለሚወርዱት ልጆች። አንዱ ቢያፍር፣ «ያንዲት እናት ልጅ ነህ፤ ብላ» ይሉታል። ስማቸውን ይጠይቃሉ፤ በማግስቱ ጸሎት ስሞቹ ይጠራሉ። ሁልጊዜም ከመሶቡ ሥር አንዲት ቁራሽ ሳትነካ ትመለሳለች፤ የሲሳይ ድርሻ ናት። እስከ ምሽት ትጠብቅና ያልመጣ እንደሆነ በነጋው ለሌላው ትሰጣለች። የልጅ ልጆቻቸው ቁራሿን ባዩ ቁጥር «ሲሳይ ተረፈ!» እያሉ ይጮሃሉ፤ እሳቸውም ይስቁና «ጎሽ፣ ልጄን ከነአባቱ ጥሩልኝ» ይላሉ። ጸሎት አስተምሩን ላሏቸው ሁሉ የሚሰጡት ምክር አንድ ነበር፦ ቃሏን ሳትሠሩባት ወደ ቀጣዩ አትለፉ።

ወይዘሮ ወርቅውሃ ከ1964 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በደረት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተዋል። በከተማው ጤና ጣቢያ ታክመው ጥቂት ቢሻላቸውም በኅዳር ወር ጠናባቸው። የመጨረሻዋ ዕለት ማለዳ ሃሊማ አጥሩን አላንኳኩም፣ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው ነበርና። እናታችን በሚቆራረጥ ትንፋሽ ጸሎታቸውን ጀመሩ። «ሲሳየነ» ብለው፣ ስጠን ብለው፣ «ዛሬ» ከምትለዋ ቃል ላይ ትንፋሽ አጠራቸው። ሃሊማ ይህ እንዲነገር አይወዱም፤ እውነት ነውና ይቅር ይበሉን። ያን ሁሉ ዓመት ከአጥር ማዶ ሲሰሙት የኖሩትን ያውቁታል፤ ጎንበስ ብለው «ዮም» አሏቸው። እናታችንም «ዮም» አሉ። ኅዳር 19 ቀን 1965 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸውም ዛሬ በዚህ በቆምንበት ደብር ይፈጸማል።

ዛሬ ጠዋት ወይዘሮ ብርሃኔ ከአስከሬኑ አጠገብ ተነሥተው ዳቦውን ይዘው ወደ መኪና መቆሚያው ወርደዋል። የቀረባቸውን ሳያውቁ የሚጠብቁ ልጆች ነበሩና። ሲመለሱም ከመሶቡ ሥር አንዷ ቁራሽ ነበረች።

ወይዘሮ ወርቅውሃ ሴት ልጃቸውን ወይዘሮ ብርሃኔ ተረፈን፣ ወንድማቸውን አቶ ደበሌ ዱባለን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ከአጥር ማዶ የሆኑ እህታቸውን ወይዘሮ ሃሊማን ትተው አልፈዋል። ወንድ ልጃቸውን በተመለከተ፣ ታሪካቸው ሲነበብ ስሙ በሕይወት ካሉት ጋር እንዲጠራ አዘውናል፤ «ካለ» እንዳንልም አስጠንቅቀውናል። እነሆ እንጠራለን፦ አቶ ሲሳይ ተረፈ፣ የሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሰው። ከዚህ ሕዝብ መካከል ከመንገድ መጥቶ ዳር ለቆመ፣ እኛ መልኩን ለዘነጋነው ሰው ይህን እንነግራለን፦ አባቱ ቃላቸውን አንሥተዋል፤ ድርሻውም ከመሶቡ ውስጥ ናት።

የዕለት ሲሳይ ከማይለመንበት ቤት፣ ይቅር ከተባባሏቸው ከባለቤታቸው ጋር፣ አምላክ ነፍሳቸውን ያሳርፍ። አሜን።