ያልተቀረጸ ፈገግታ

ነሐሴ 1፣ ረቡዕ

ዝናብ። ቀኑን ሙሉ ሁለት ራስና አንድ ጢም ብቻ። ማታ ግን ፀጉር ቤቴ ሞላ... ሊላጭ የመጣ የለም፣ ሁሉም ለአዲሱ የቴሌቪዥን አስፈሪ ድራማ። እዚህ ፔቻቡሪ ሲቀርጹ ታዋቂዋ ተዋናይት «ሬሳ ሳጥን ውስጥ አልተኛም» ስላለች የእህቴን የላማይን ልጅ ማፕራንግን ቀጠሩ። በድራማው ወንዝ ዳር የተገደለችው ሴት ናት። ሳጥኑ ውስጥ ተኝታ ስትታይ ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። «እናቷ ዕቃ እጠቢ ስትላትም እንዲሁ ናት» አልኩ። ሳቁልኝ።

ነሐሴ 2

አንድ ሃያሲ ጋዜጣ ላይ ድራማውን አብጠለጠለው። መናፍስቱ ዱቄት የተነፋባቸው ናቸው፣ ገዳዩ ደግሞ ገና ከአሁኑ ያስታውቃል፤ አትክልተኛው ነው አለ። ያሞገሰው አንድ ነገር ብቻ፦ «ሬሳዋ። እንዲህ የሞተች ሴት በቴሌቪዥናችን አይቼ አላውቅም።» ለደንበኞቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ማንም አልሳቀም። ዓሣ ሻጯ ቻሉዋይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ልጅቷ በኋላ ፈገግ ብላለች ወይ ብላ ጠየቀች። ሬሳ ሆኖ የተጫወተ ሰው ተነስቶ ለካሜራው ፈገግ ማለት አለበት። ካሜራው መጨረሻ ያየው ሞቱን ከሆነ... ሞቱ እላዩ ላይ ይቀራል ይላሉ።

ነሐሴ 5

ማፕራንግን ጠየቅኳት። በቀረጻው ቀን መብረቅ ወርዶ መብራቱም ካሜራውም ጠፋ፣ ሰው ሁሉ ወደ መኪና ሮጠ። ሳጥን ውስጥ መሆኗን ያስታወሰ የለም። ራሷ ወጣች።

«እና ፈገግ አላልሽም?»

«ለማን?»

እጇ ቀዝቃዛ ነው። ከዝናቡ ይሆን?

ነሐሴ 8፣ ረቡዕ

ድራማው ሲቀጥል ወሬውም ቀጠለ። ተመልካቾች በየስልካቸው የሚጽፉት ስለ እሷ ብቻ ነው። አንዱ «በሕይወት ያለ ሰው እንዲህ አይተኛም» ይላል። ከላማይ ኑድል የሚገዛ ጠፋ። ሌሎቹ ደግሞ ለመንፈስ እንደሚቀርበው ቀይ ለስላሳ ከነመምጠጫው ደጃፏ ላይ አስቀምጠው ማፕራንግን የሎተሪ ቁጥር ይለምኗታል። ቁጥሩን ብታውቅ ለአጎቷ አትነግርም ነበር ወይ አልኳቸው። ጠርሙሱን አላነሱም።

ላማይ ጓሮ ጠራችኝ። ልጇ ከዚያ ቀን ወዲህ ስቃ አታውቅም። «ወንድሜ፣ የማታስቀው ሰው የለም። ልጄን መልስልኝ።»

ነሐሴ 10

ሰው ሠራሽ ጥርሴን አውልቄ እንደ ሕፃን አለቀስኩላት። ከልጅነቷ ጀምሮ በሳቅ የምትፈርስበት ነው። አየችኝ ብቻ። በጨዋነት... እንግዳ ሰው እንደሚታይ። ፈራሁ።

ነሐሴ 12፣ እሑድ

ቤተ መቅደስ ወሰድናት። እዚያ ክፉ ዕድል የያዘው ሰው ሳጥን ውስጥ ይተኛል፣ መነኮሳቱ በነጭ ጨርቅ ሸፍነው ይጸልዩለታል፣ እንደ አዲስ ይነሳል። ድጋሚ አልገባም አለች። እንግዲያው አጎትሽ ያሳይሽ፣ ቅረጪኝና ሃያሲው ያወዳድረን ብዬ ስልኬን ሰጠኋትና ተኛሁ። ጨርቁ ፊቴ ላይ ወረደ። ጸሎቱ ከሩቅ የሚመጣ መሰለኝ... ምን ያህል ቆየሁ? ልነሳ ስል ሆዴ ሳጥኑ ውስጥ ተሰነቀረ። አብራን የመጣችው ቻሉዋይ ስትጎትተኝ ሳጥኑም አብሮኝ ተነሳ።

ያኔ ሰማሁት። መጀመሪያ ሳል መስሎኝ ነበር። ማፕራንግ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ላማይ ስልኩን ነጥቃ ወደ ልጇ አዞረችው። ጥርሷ፣ እንባዋ፣ ሁሉም ተቀረጸ። ሰው ሁሉ ከበባት።

ጨርቁን ከፊቴ ያነሳሁት ራሴ ነኝ።

ነሐሴ 15፣ ረቡዕ

የመጨረሻው ክፍል። ገዳዩ አትክልተኛው ሆነ። ቤቱ በስድብ ተናጋ፣ ከሁሉም በላይ የሳቀችው ማፕራንግ ናት። የላማይ ኑድልም ቀድሞ ተሸጦ አልቋል። ቻሉዋይ ዛሬ ምነው ዝም አልክ አለችኝ። ቀልድ አልመጣልኝም።

ነሐሴ 17

ቪዲዮውን አየሁት። እኔ ለመጨረሻ ጊዜ የታየሁት ከጨርቁ ሥር ነው። ከዚያ የእሷ ሳቅ።

ነሐሴ 19፣ እሑድ

ማፕራንግ መጣች። ቪዲዮውን እሷም አይታዋለች። ምንም ሳትጠይቅ የመላጫው ወንበር ላይ አስቀመጠችኝና ስልኩን ፊቴ ላይ ደገነች።

«እናቴ ዕቃ እጠብ ስትልህም እንዲህ ነህ?» አለችኝ።

ቀልዱ የራሴ ነው። ጥሩ ቀልድ ነው። ከንፈሬን ለማንሳት ሞከርኩ፣ እምቢ አለኝ። ጥርሴን አወለቅኩ። መስታወቱ ውስጥ የምትስቀው እሷ ብቻ ናት።

ከዚያ እሷም መሳቋን ተወች። ቀርባ እጄን ያዘችው። እጇ ሞቃት ነው።

«አጎቴ፣» አለች፣ «ምነው እንዲህ ቀዘቀዝክ?»