የኋላ ግራው ቫልቭ

ጥቅምት 4
ሁለት ፍሬን፣ አንድ ክላች። ከሰዓት ዝናብ። ጋሽ ጠና ብየዳውን ትተው የጋራዡን ጣሪያ ሲደፍኑ ዋሉ።
አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጁነዲን ሃይሩፍ ሚኒባሱን ይዞ መጣ። ጨርቅ ነጋዴው፣ የመምህርት ሱምያ ባል። ሱምያ ከፎቅ ደረጃ ከወደቀች ወዲህ ዊልቸር ላይ ናት። ጊምቢቹ ወዳለው ትምህርት ቤቷ ተመልሳ ማስተማር ትፈልጋለች።
"ጣቢታ፣ እህቴ፣ መኪናው እንደ ግመል ይንበርከክላት። ራሷ እንድትገባ።"
ባሌስትራውን፣ መኪናውን የተሸከመውን የብረት ሞላ፣ አውጥቶ በአየር ፊኛ መተካት... ቫልቩ አየር ሲለቅ መኪናው ዝቅ ይላል፣ ሲያስገባ ከፍ። ከተማችን ውስጥ ማንም አልሠራውም። እኔስ? እሠራዋለሁ!

ጥቅምት 6
ቫልቩ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከባድ መኪና ላይ የተፈተነ፤ ከአዲስ አበባ ታዝዞ አምስት ሳምንት። ሌላው እዚሁ ገበያ አለ፤ የሚያብረቀርቅ፣ የፋብሪካ ስም የሌለው፣ ስንት ግፊት እንደሚችል እንኳ ያልተጻፈበት።
ጋሽ ጠና በመዳፋቸው መዘኑት። "ቀለለ እኮ፣ ልጄ።"
ጁነዲን ግን መጠበቅ አይችልም። "ርዕሰ መምህሩ ሰኞ 17 ካልገባች ሰው እተካለሁ ብሏል።"
የገበያውን ወሰድኩ። ለሱምያ ብዬ ነው? ወይስ ሥራዬ ቶሎ እንዲታይልኝ?

ጥቅምት 11
ተንበረከከ! መንገደኛው ሁሉ ቆሞ አየ። ሱምያ በሩ ላይ በገጠምኩት መወጣጫ ጎማዋን እየገፋች ወጣች። ልደግፋት ስል፣ "ተይኝ፣ ራሴ!" አለችና ሳቀች። ጁነዲን ፊቱን አዞረ። እንባ ነው መሰለኝ።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ
ጋራዡን ስከፍት መኪናው በግራ ኋላው ወርዶ ቁጭ ብሏል። ማንም አልነካውም።
በሳሙና አረፋ ፈተሽኩ። ቱቦው ደህና። መጋጠሚያው ደህና። ቫልቩ ላይ አረፋው ተነፋ። ፈታሁት... ውስጡ ውኃ አቁሯል፣ ላስቲኩ አብጧል። በአዲስ ቀየርኩት። ከዚያው ከገበያው ካርቶን።

ጥቅምት 13
ዛሬም ወርዶ አገኘሁት።

ጥቅምት 14
ለሙከራ አሸዋ በማዳበሪያ ጭነን ከጋሽ ጠና ጋር ወደ ጊምቢቹ መንገድ ወጣን። ቁልቁለቱ ላይ፣ መታጠፊያው ጋ፣ ከኋላ ፍስስስ... ግራው ወረደ። ጎማው ላሜራውን ፋቀ፤ መሪው እጄ ላይ ከበደ። ገደሉ አፋፍ ደርሰን ቆምን። የተቃጠለ ጎማ ሽታ።
ጋሽ ጠና ወርደው ጎማውን አዩ።
"ይሄ ሰው ይጨርሳል። ንገሪያቸው።"
ለጁነዲን ደወልኩ። ልነግረው ነበር... ከበስተኋላው የሱምያ ድምፅ ይሰማል፤ የሰኞውን ትምህርት ጮክ ብላ ትለማመዳለች።
"ትንሽ አየር ያፈሳል" አልኩ። "ቀስ ብለህ ንዳ።"
ትንሽ?

ጥቅምት 15
ጁነዲን መኪናውን ወሰደ። መረቀኝ።
"ነገርሻቸው?" አሉኝ ጋሽ ጠና።
"ነግሬዋለሁ።"
ግማሹን። ግማሽ መንገር ውሸት ነው አይደል?

ጥቅምት 16
ጸሎት ቤት ሄድኩ። ስብከቱ አልተሰማኝም። ሦስቴ ስልኬን ይዤ ወጣሁ፣ ሦስቴ ሳልደውል ተመለስኩ። ነገ ማልጄ እደውላለሁ። ሳይወጡ።

ጥቅምት 17
አንድ ሰዓት ላይ ደወልኩ። አይነሳም። አንድ ተኩል... አይነሳም። ሁለት ሰዓት ላይ ጥሪ አይቀበልም።

ጥቅምት 20
ዛሬ ነው ሆስፒታል ለመሄድ የደፈርኩት። ሰኞ ጠዋት፣ ያው ቁልቁለት፣ ያው መታጠፊያ። መኪናው በግራ ወርዶ ተገለበጠ። ዛፍ ባይዘው ኖሮ ገደል ነበር። ጁነዲን ጎድኑ ተሰብሯል፤ መናገር ያመዋል። የሱምያ ቀኝ እጅ ከክርኑ በታች ተጨፍልቋል። ይድን አይድን ሐኪሙ ገና አልተናገረም። ያላት እጆቿ ብቻ ነበሩ።
አጠገቧ ቆምኩ።
"ታውቂ ነበር?" አለችኝ።
ሰበብ ሞልቶኝ ነበር። ሰኞው፣ ርዕሰ መምህሩ፣ ገበያው...
"አዎ።"
"ከመቼ?"
"ካለፈው ሳምንት ረቡዕ።"
"ከረቡዕ" ብላ ደገመች። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች። እስክወጣ አልገለጠችም።
ፖሊስ አደጋው በፍጥነት የደረሰ ነው ብሎ ጽፏል፤ ጥፋቱ የጁነዲን ሆኗል። እኔን የጠራኝ የለም። ጋሽ ጠናም ከሥራ ከቀሩ ሦስት ቀናቸው።
ነገ ጠዋት ጣቢያ እሄዳለሁ። ሳይጠሩኝ። ትንሽ ያፈሳል አልልም። ሁሉንም እነግራቸዋለሁ... ከረቡዕ ጀምሬ።