ብርኩታው ለምን ጨው አልነበረውም

ሰርካለም፣ እንደምን አለሽልኝ? የምግብ አሠራር መጽሐፍሽ ማተሚያ ቤት ሳይገባ ይህ ካርድ በደረሰሽ።

ትናንት ሰቆጣ አካባቢ፣ ደሃና ውስጥ አቶ ካሤ የሚባሉ ሽማግሌ ብርኩታ ጋገሩልኝ። የጋለ ድንጋይ በገብስ ሊጥ ጠቅልለው ፍም ውስጥ ቀበሩት። ያንቺው በኦቨን ከመሆኑ በቀር እስከዚህ ድረስ ትስማማላችሁ። እሳቸው ግን ሊጡን ያቦኩት በጨው ነው። «የጥንቱ ጨው የለውም ይባላል፤ የእህሉ ጣዕም እንዳይጠፋ» አልኳቸው፣ አንቺ እንደጻፍሽው።

«እንዳልነበረውስ እውነት ነው» አሉኝ። «አባቴ አሞሌ ጨው በአህያ እየጫነ ሰቆጣ ገበያ ያመጣ ነበር። መንገድ ላይ ግን ብርኩታውን ያለ ጨው ነው የሚበላ። የተሸረፈ አሞሌ ማን ይገዛዋል? ጣዕም ነው ያልሽው፣ ልጄ?» ሳቁና ለሁለተኛው ሊጥ ጨውን አበዙለት።

ስለዚህ አሠራሩን አትንኪው፤ ምክንያቱን ሰርዢ። ብርኩታው እንደ ሰፈራችን ዳቦ አይለሰልስም፣ ጥርስ ይፈልጋል። ጎረቤታችን ጋሼ ዋሴን ሰላም በይልኝ፤ ቦታ ስላጠረኝ ልጆቹን አንቺው ሳሚልኝ። ቁራሽ ይዤልሽ እመጣለሁ፣ አባትየው ያልቀመሱትን፣ ጨው ያለበትን።

ትግስት