እስከ መስመሩ

አራዳ ጊዮርጊስ፣ አዲስ አበባ
እሑድ፣ ግንቦት 12 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለእትዬ ዓለምጸሃይ፣

የአሰብ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? የእግርሽ እብጠት ቀነሰልሽ? “እኛ ደህና ነን” ብዬ መጀመር ለምጄ ነበር፤ ዛሬ ግን ደክሞኛልና ልለፈው።

ሓዳስ ካረፈች ስምንት ሳምንት ሆናት። የትምህርት ቤት ቦርሳዋ አሁንም ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው። እማዬ ትቀመጣለች፣ ትነሳለች፣ ለምን እንደተነሳች ትረሳና መልሳ ትቀመጣለች። እኔ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፤ የመምህሩን አፍ አያለሁ እንጂ የሚለው አይገባኝም። ቀበሌም ለእማዬ የይለፍ ወረቀት አልሰጣትም። “ልጄ ልትወልድ ነው” ስትላቸው “እስክትወልድ ይደርሳል፣ እናት” ይሏታል።

ደብዳቤሽን ጋሽ ፀሐዬ አድርሰውልናል። ነገ ጠዋት ቦቴያቸውን ይዘው ወደ አሰብ ስለሚመለሱ ይህን በእጃቸው እልካለሁ። ያንቺን ለእማዬ ሳነብላት አንድ ቦታ ዘልያለሁ። ሕፃኑ በአግድም ስለተኛ በኦፕራሲዮን ነው የምትወልጂው ሲሉሽ፣ “የቤተሰባችን ደም አይረጋም፤ እንደ እህቴ ደሜ ፈስሶ ከማልቅ በምጥ ልሙት” ብለሽ እምቢ ያልሽበትን። እሱን ዘልዬ “ሁላችሁንም ሳምኳችሁ” የሚለው ላይ ገባሁ።

እትዬ፣ ደማችን ይረጋል። የሓዳስም ይረጋ ነበር።

ባለፈው “ደማችን አይረጋም” ብዬ የጻፍኩልሽ እኔው ነኝ፤ እማዬ እያስጻፈችኝ። ሐኪሙ ስለ ሓዳስ ደም እንደዚያ ያለ ቀን፣ እማዬ በነስር የሞተው ወንድሟ ትዝ አላት። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ለደረሰ ሁሉ “በእኔ ዘር ገብቶባት ነው ልጄ ያለቀችው” ስትል ከረመች። እኔም ያኔ እንደዚያው ይመስለኝ ነበር። እውነቱን ካወቅሁ ዛሬ አሥራ ሰባት ቀኔ ነው።

እንዲህ ነው የሆነው። ሐሙስ ዕለት ሓዳስን ሆዷን ያዛት፤ ሆስፒታል ስንወስዳት ትርፍ አንጀት ነው አሉ። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ደሟ መርጋት አለመርጋቱ ይመርመር ተባለ። ላቦራቶሪ ስንገባ ደም የሚቀዱት ጋሽ መድኃኔ ሆነው ተገኙ፤ ከእኛ በታች፣ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ሲወረድ ያለው ቤት የሚኖሩት። የሰፈር ሰው በማግኘታችን ደስ አለን።

“ጋሼ፣ ደሜን ማን ሊጠጣው ነው?” አለቻቸው ሓዳስ።

“ውቤ በረሃ ወስጄ ቀይ ወይን ነው ብዬ ልሸጠው! በይ እጅሽን ዘርጊ።”

ሳቀች። መሳቁ ሆዷን አሳመማትና ተጨማደደች። ክንዷ ምን ያህል ቀጭን እንደነበረ ታውቂያለሽ። ደሙ በመርፌው ሲሳብ ማየት አልቻልኩም።

“ይበቃል ጋሽ መድኃኔ! ጾም ላይ የከረመች ልጅ ምን ደም አላትና ነው?”

“እዚህ መስመር ድረስ መሙላት አለበት፣ ካልዬ” አሉና የፕላስተር ምልክት የተለጠፈባትን ትንሽ ብልቃጥ አሳዩኝ።

“የቀረውን ከእኔ ይውሰዱ! እሷን ይተዉአት!”

እጃቸው ላላ። “እሺ፣ ላንተ ስል” ብለው መርፌውን ነቀሉ። ብልቃጧ እስከ ግማሽ እንኳ አልሞላችም። ሓዳስ በዓይኗ ጠቀሰችኝ።

ማምሻውን ውጤቱ መጣ። ሐኪሙ “ደሟ አይረጋም፤ ከቀደድኳት አይቆምልኝም” ብሎ ኦፕራሲዮኑን አቆየው። አርብ ከሰዓት እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ እንደገና ደም ቀዷት፤ ያኔ ብልቃጧ እስከ መስመሩ ሞላች። ደሟ ደህና ሆኖ ተገኘ። ትርፍ አንጀቷ ግን ሐሙስ ሌሊት ፈንድቶ ነበር። ኦፕራሲዮን ቢያደርጓትም አልተረፈችም፤ እሑድ አረፈች። ለእማዬ ስለ ሁለተኛው ምርመራ የነገራት የለም።

ለእኔ የነገሩኝ ጋሽ መድኃኔ ናቸው፣ በአርባዋ ቀን፣ ከድንኳኑ ጀርባ። “ብልቃጧ ውስጥ ቀድሞ የምንጨምረው ደም እንዳይረጋ የሚያቆይ ፈሳሽ አለ። የተለካው እስከ መስመሩ ለሞላ ደም ነው። ደሙ ካነሰ ፈሳሹ ይበዛበትና ደህናውን ደም የማይረጋ ያስመስለዋል። አውቅ ነበር፣ ካልዬ። ሃያ ዓመት ሠርቼበታለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው” አሉኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ በታች ዞረው ነው ቤታቸው የሚገቡት፤ በእኛ በር አያልፉም።

እሳቸው የእኔ ነው ይበሉ። “ይበቃል” ያልኩት እኔ ነኝ።

ይህን ስጽፍ እማዬ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

“ምንድን ነው እንዲህ የምታወራት?” አለችኝ አሁን።

“ሰላምታ ነው።”

“ሰላምታ ሦስት ገጽ ይፈጃል እንዴ? ስትጨርስ ታነብልኛለህ።”

ሳይነበብላት ደብዳቤ እንደማይታሸግ ታውቂያለሽ። መዝለል እችላለሁ፤ ለምጄዋለሁ። ግን አንቺን “አትፍሪ” እያልኩ እሷ ዘሯን ስትረግም ዝም ማለት ከዚህ በላይ አልሆነልኝም። ሳልዘል አነብላታለሁ።

ካነበብኩላት በኋላ፦

እጇ ምስሩ ላይ እንዳለ ቀረ። ወደ እኔ አላየችም። ከዚያ “ከሥር ጻፍ” አለችኝ። ያለችው ይኸው፦

“ልጄ፣ ደምሽ ደህና ነው። ኦፕራሲዮኑን እሺ በያቸው። ሲቀዱሽ እስከ መስመሩ ይሙሉት። የሚያዝንልሽ ሰው አጠገብሽ አይቁም። ማርያም በሽልም ታውጣሽ።”

ስለ እኔ ምንም አላስጻፈችም። የለቀመችውን ምስር ከትሪው ጥራጊ ጋር መልሳ ደባልቃ እንደገና ከመጀመሪያው እየለቀመች ነው።

እሺ ማለትሽን በጋሽ ፀሐዬ ላኪልኝ። እግዚአብሔር አንቺንም የሚመጣውንም ይጠብቅልን።

ወንድምሽ
ካላዩ