እኩል የሄድንበት ቅዳሜ

ውድ ሃልዶር፣

ይህን የምጽፍልህ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጬ ነው። ልደውልልህ አስቤ ተውኩት። ስልክ ላይ «እሺ» እና «አይ» ብቻ ነው የምታውቀው፤ እዚያ ባሕር መሀል ነዳጅ የምታወጡበት ቦታ ደግሞ ነፋሱ ከአንተ የበለጠ ያወራል። ዝምታ ወርቅ ከሆነ፣ ከዚህ እስከ ኦስሎ አንተን የሚያህል ባለጠጋ የለም። ስለዚህ በደብዳቤ ይሁን።

ስለዚያ ቅዳሜ ነው፤ ተራራ ስለወጣንበት።

በመጀመሪያ የማታውቀውን ልንገርህ። የዚያን ዕለት ጠዋት ልቤ ሸፍቶ ነበር። እህቴ ራግና ቤርገን ያለው ቤቷ ፎቅ ላይ ክፍል አጽድታልኝ «ነይ፣ ምንም አልጠይቅሽም» ብላኝ ነበር። አንተ ወደ ሥራህ ሳትመለስ፣ ተራራው አናት ላይ ያለችውን ጎጆ ግድግዳ ተደግፈን ፀሐይ እየሞቅን፣ ብርቱካን ስንልጥ ልነግርህ ነበር ያሰብኩት። ቤት ውስጥ አልችልም፤ የትኛውም ክፍል ብገባ የልጃችን የቲሪል ነገር አለ። ተራራው ላይ ያለው በረዶ ብቻ ነው።

ልጃችን የሞተችው ቅጠል ሲረግፍ ነው። ማታ አተኮሳት፣ ጠዋት የለችም። ከዚያ ወዲህ አላለቀስኩም፤ አንተም አላለቀስክም። የእኔን አውቀዋለሁ፤ ደንዝዣለሁ። ጥርስ ሐኪም መርፌ ወግቶህ ስትወጣ ከንፈርህን ብትነክሰው እንደማይሰማህ ማለት ነው። የአንተን ግን አላውቅም ነበር። ከቀብሩ ማግስት የመኪናውን ጎማ በበረዶ ጎማ ስትቀይር በመስኮት አየሁህ። እያፏጨህ ነበር። ያንን ፉጨት ይቅር ልልህ አልቻልኩም።

ቅዳሜ ጠዋት «ጉልበትሽ ካልዳነ ስኪው ይቅርብሽ፤ የበረዶ ጫማ አድርጊ» አልከኝ።

«ዳክዬ ልምሰል?»

«ዳክዬ ምን አላት?»

ከብዙ ጊዜ ወዲህ ረጅሙ ወሬያችን ይሄ ነበር። አንተ ጋራዥ ውስጥ የምትንሸራተትበትን የስኪህን ሥር ሰም ስትቀባ፣ እኔ ወንፊት የሚያህሉትን ጫማዎች እግሬ ላይ አሰርኩ። ወጣን። ቀኑ ብሩህ ነበር፣ ሰዉ ሁሉ «እንዴት ያለ ቀን ነው!» ይለናል፣ እኛም «አዎ፣ እንዴት ያለ ቀን ነው!» እንላለን።

ጎረቤታችንን ቦርጊልድን ከነውሻቸው ያገኘናቸው ጫካው የሚያልቅበት ጋ ነው። ቅጠል ሳይረግፍ ሄደው በዚያ ሳምንት ገና ከኦስሎ መመለሳቸው ነበር፤ ምንም አልሰሙም። ገና ከሩቅ ጮኹብኝ።

«ሲግኒ! ውጪ! ከስኪው መስመር ውጪ! እንዲህ ያለውን መስመር የድንች ማሳ ልታደርጊው ነው?»

«ጉልበቴን አሞኝ ነው።»

«ጉልበትሽን ነው እንጂ ዓይንሽን አላመመሽ!» ብለው ሳቁ። እኔም ከመስመሩ ወጣሁ። ከዚያ ወደ ኋላህ ተንጠራርተው አዩ። «ትንሿ እመቤትስ?»

«ዛሬ አልመጣችም» አልክ።

ልክ አያቷ ጋ ትተሃት እንደመጣህ። መልካም መንገድ ተባባልን፣ ውሻው ጓንቴን ላሰኝ፣ ሄዱ።

ያኔ ቆረጥኩ። ይህ ሰው ልጁን ረስቷታል፣ ወይም ሊረሳት ደርሷል አልኩ። ልናደድብህ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። ይልቅ ልብሴን በየትኛው ሻንጣ እንደምይዝ አሰብኩ። የሰማያዊው ዚፕ ተበላሽቷል፣ ስለዚህ በጥቁሩ።

እያሰብኩ ስሄድ ነው አጠገቤ መሆንህ የገረመኝ። የአንተን ልማድ አውቃለሁ። ውልብ ብለህ ትጠፋና ጉብታው ላይ ቆመህ ትጠብቀኛለህ። ቅዳሜ ግን እኔ በዚያ ዳክዬ አካሄድ እየሄድኩ፣ አንተ ከጎኔ ታለከልካለህ። ጥቂት ትሄዳለህ፣ ቆመህ እግርህን ታራግፋለህ፣ ደግሞ ትቆማለህ።

«ምን ሆነሃል? ዛሬ ቦርጊልድም ይቀድሙህ ነበር።»

«በረዶው ያዘኝ።»

«ሰሙን ተሳስተሃላ።»

«እኔ? ሰም?» አልክ ተቆጥተህ። እውነትህን ነው፤ የመንደሩ ሰው ሁሉ ስለ ሰም የሚጠይቀው አንተን ነው።

«አምጣው እስቲ።»

አንዱን አውልቀህ ሰጠኸኝ። ገለበጥኩት። ሥሩ በረዶ ተጋግሮበታል፤ በጓንቴ ጠረግሁት። ሰሙ ወፍራም ነው፣ ከወትሮውም ረዝሟል። እንዲህ አድርጎ የሚቀባው የልጅ ተጎታች ከወገቡ አስሮ የሚወጣ ሰው ነው፤ ሸክሙ ወደ ኋላ እንዳይስበው ስኪው በረዶውን ቆንጥጦ እንዲይዝለት። ባዶውን የሚሄድ ሰው እንዲህ ቢቀባ ጭቃ ውስጥ እንደገባ ነው።

«ሃልዶር» አልኩህ፣ «ለቲሪል ተጎታች ነው የቀባኸው።»

«አይደለም።»

ከዚያ ጓንትህን አውልቀህ ጣትህን ሰሙ ላይ አስኬድክ፣ ከዳር እስከ ዳር። «ሬዲዮ እየሰማሁ ነበር» አልክ። «እኔ አይደለሁም፣ እጄ ነው የቀባው።» በረዶው ላይ ቁጭ አልክ።

እኔም ተቀመጥኩ። «ለቦርጊልድ ምን ልበላቸው?» አልክ። «ያንን ቃል ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አፌ አይለውም።»

«ጎማ ስትቀይር ግን ታፏጭ ነበር።»

«መቼ?» አልክ። ፊትህን አየሁት። እውነትም አታስታውስም።

እዚያ ላይ አለቀስኩ ብልህ ደስ ይለኝ ነበር። አላለቀስኩም። ከቦርሳህ የሰም መፋቂያውን አውጥቼ ዘረጋሁልህ፤ አልተቀበልከኝም።

«እኔ ልፋቀው?»

«ተዪው።»

«እንዲህ ሆነህ ቤት አትደርስም።»

«እደርሳለሁ። ዝግ ብዬ።»

ጎጆዋ ጋ ሳንደርስ ተመለስን። ቁልቁለቱን እንኳ አልተንሸራተትክም፤ እየተራመድክ ወረድክ። የምነግርህን ነገር ሳልነግርህ ቀረሁ። ሰኞ ወደ ባሕርህ ሄድክ።

ትናንት ለራግና ደወልኩላት። ክፍሉን ለሌላ ሰው ስጪው አልኳት። «ተሻለሽ እንዴ?» አለችኝ። አልተሻለኝም አልኳት። አንተም እወቀው፣ አልተሻለኝም። ምግብ ሁሉ አፌ ላይ አንድ ዓይነት ነው፤ የአልጋው ያንተ ወገን ባዶ ሲሆንም ሲሞላም ለውጡ እምብዛም አይታወቀኝም። እወድሃለሁ ብዬ ብጽፍ ትዝ ብሎኝ እንጂ ተሰምቶኝ አይሆንም። መሄድ ግን ትቻለሁ። ከዚያ ከሰሙ ጋር ብቻህን ልተውህ አልችልም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ያ አንተ አፌ አይለውም ያልከው ቃል፣ የእኔም አፍ ብሎት አያውቅም። ሰው ሲጠይቀኝ የምነቀንቀው ራሴን ነው። ከላይ «ልጃችን የሞተችው» ብዬ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ጽፌው ተነሳሁ፣ እጄን ታጠብኩ፣ ተመልሼ ቀጠልኩ።

ሐሙስ ሄሊኮፕተሩ ሲያወርድህ መኪና ይዤ እጠብቅሃለሁ። መንገድ ላይ ምንም ማለት የለብህም። ቤት ስንገባ በሩን እዘጋለሁ፣ ካፖርታችንን ሳናወልቅ እዚያው ቆመን አንዴ እንለዋለን። አንተ ካቃተህ እኔ እጀምራለሁ፣ አንተ ትጨርሰዋለህ።

ሚስትህ
ሲግኒ