በአንድ «አዎ» ስለተጨመረው ኪኒን

ለተከበሩ የክትትል ክፍል ኃላፊ
ለክብሩ ስል ስሙን በማልጠቅሰው ሆስፒታል
ሆሳዕና

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ፣ በተለይም የማስታወስ ችሎታዎ፣ እንደተሟላ ይቆይልን እያልኩ ከጊምቢቹ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የጡረተኛው የሒሳብ መምህር የአቶ ወልደ ማርያም ባለቤት ነኝ። ባለቤቴን በሰባ ዓመታቸው የሚጥል በሽታ ጀምሯቸው፣ በእናንተ ኪኒን መውደቁ ስለቆመላቸው ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ይህኛው ምስጋና ፌዝ የለበትም። የቀረው እነሆ፦

1. ስንቱን የድንበር ጠብ በሽምግልና ያበረዱ ሰው፣ ኪኒኑን በጀመሩ በሦስተኛው ሳምንት የጀመሩትን ነገር መጨረስ ሲያቅታቸው፣ ባለሙያዎ «እርጅና ነው» ብለው ስላጽናኑኝ አመሰግናለሁ። እርጅና እንዲህ በሦስት ሳምንት ከተፍ እንደሚል አላውቅም ነበር።

2. «ታካሚው ራሱ ይመልስ» በሚለው ደንባችሁ እኔን በር ላይ አስቁማችሁ፣ በሽታው ተመልሶባቸው እንደሆነ እሳቸውን ብቻ ስለጠየቃችሁ አመሰግናለሁ። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ጋውን የለበሰን ሰው አያሳፍርም፤ ነገሩ ሲደበዝዝበት በአዎ ያልፈዋል። እሳቸውም «አዎ» አሉ። አንድም ቀን ሳይወድቁ ኪኒኑ በእጥፍ ተጨመረላቸው።

3. ስህተቱን ላስረዳ በሳምንቱ ስመለስ፣ ካርዱ ላይ ስለ መውደቅ እንጂ ስለ አእምሮ የሚሞላ ቦታ እንደሌለ በትዕግሥት ስላሳያችሁኝ አመሰግናለሁ። እዚያው አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ለዚያም ቦታ አልነበረውም።

ኪኒኑን በገዛ እጅ ማቋረጥ አደጋ እንዳለው ስለነገራችሁኝ አልደፍርም። የለመንኩት መጠኑ እንደገና እንዲታይ ወይም ሌላ ዓይነት እንዲሞከር ብቻ ነበር። ሦስት ጊዜ ለምኜ ሦስት ቀጠሮ አግኝቻለሁ። ይህንንም የምጽፈው ሰሚ አገኛለሁ ብዬ ሳይሆን ዝምታው ስለከበደኝ ነው። የአገሩን ልጅ ሁሉ ማባዛት ያስተማሩ ሰው፣ ዛሬ ሸሚዛቸውን ሲቆልፉ መሃል ላይ ቆመው ይቀራሉ፤ የቀረውን እኔ እቆልፍላቸዋለሁ።

ካርድዎ ሳይጎድል፣ ቀጠሮዎ ሳይዛነፍ፣ እርስዎም ሲያረጁ ከአንድ በላይ ጥያቄ የሚጠይቅዎ ሐኪም እንዲገጥምዎ ዘወትር የምትጸልይ፣

አክባሪዎ ጵርስቅላ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ቁርስ ላይ እኔ ማን እንደሆንኩ ጠየቅኳቸው። በአክብሮት ቀና ብለው «አዎ» አሉኝ። እናንተ ለዚህች ቃል ኪኒን ጨምራችኋል፤ እኔ ምን ልጨምርላቸው?